ሻይ ቅጠል ለፋብሪካ የምታስረክቡ ገበሬዎች፦ ከሚዛኑ እስከ ውሉ ምን ምን መያዝ አለባችሁ

ይሄን የምጽፈው ሻይ ላላችሁ ወይም "ሻይ ትከሉ" እየተባላችሁ ላላችሁ ገበሬዎች ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልክ ይዛችሁ አንብባችሁ ለእናት ለአባቶቻችሁ ለምታስረዱ ልጆች። እኔ ደቡብ ምዕራብ ውስጥ አንድ የሻይ አብቃዮች ማህበር ውስጥ ሂሳብ ያዥ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ቤተሰቦቼም ሻይ አላቸው፣ ስለዚህ የምነግራችሁ ከመዝገቡም ከማሳውም ያየሁትን ነው። ከፋ ውስጥ ውሽውሽ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ጉማሮ፣ ትላልቅ የሻይ እርሻና ፋብሪካ አላቸው፤ በዙሪያቸው ደግሞ ሩብ ሄክታርም ግማሽ ሄክታርም ይዞ ቅጠሉን ለፋብሪካ የሚያስረክብ ገበሬ አለ፣ አውትግሮወር የሚሉት። አሁን ደግሞ በኦሮሚያም በሌላም ቦታ የሻይ ችግኝ በብዛት እየተተከለ ስለሆነ ይሄ ጉዳይ የሚመለከተው ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኪሎው ስንት ገባ?" ብሎ ነው። ልክ ነው፣ ይጠየቃል። ግን እኔ መዝገብ ስይዝ ያየሁት ገበሬው ብዙ ገንዘብ የሚያጣው በኪሎ ዋጋው ላይ ብቻ አይደለም፣ ከዋጋው በፊት ሚዛኑ ላይ፣ ሰዓቱ ላይ፣ ከዛ ደግሞ ከዋጋው በኋላ ተቀናሹ ላይ ነው። እነዚህን ሶስቱን ደግሞ ገበሬው በእጁ ሊይዛቸው ይችላል፣ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ገመዱ ማን እጅ እንደሆነ እወቁ

ስልጠና ላይ "ቫሊው ቼይን ገቨርናንስ" የሚሉት ነገር አለ፣ ቃሉ ያስፈራል እንጂ ጥያቄው ቀላል ነው። ከእናንተ ማሳ ጀምሮ ሻዩ ብርጭቆ ውስጥ እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ ዋጋውን፣ ጥራቱንና ሰዓቱን ማን ይወስናል? ስህተት ሲፈጠር ደግሞ ኪሳራው ማን ላይ ይወድቃል? በቃ ይሄው ነው።

ቡና ቢሆን አድርቃችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ ዋጋው ካልጣማችሁ ሁለት ወር ሶስት ወር ትጠብቃላችሁ፣ አንዱ ነጋዴ ቢያስቸግራችሁ ሌላው ይመጣል። ሻይ እንደዛ አይደለም። ቅጠሉ ከተቀጠፈ ጀምሮ መጠውለግ ይጀምራል፣ በሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ መግባት አለበት፣ ኬሻ ውስጥ ታጭቆ ካደረ ውስጡ ይግላል ይቀላል፣ ጠዋት ስትከፍቱት ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። በዛ ላይ በአካባቢው ያለው ፋብሪካ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በዛ ላይ ደግሞ ሻይ ከተተከለ በኋላ ለቀማ ለመጀመር ሶስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፣ ከዛ ግን 50 ዓመትና ከዛም በላይ ይኖራል፣ ስለዚህ ዛሬ የተከለ ሰው ለልጁም ነው የተከለው። እና አንድ ገዢ፣ የማይጠብቅ ምርት፣ የማይነቀል ተክል ሲገናኙ ገመዱ ገዢው እጅ ላይ ነው ማለት ነው። ፋብሪካው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ የሻዩ ባህሪ ራሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ገዢው ደግሞ ከሱ በላይ ያለውን ይመለከታል፣ አሻጊዎቹን፣ ትላልቅ ብራንዶቹን፣ የዓለም ገበያን። የምስራቅ አፍሪካ የሻይ ጨረታ እ.ኤ.አ. በ1956 ናይሮቢ ተጀምሮ በኋላ ወደ ሞምባሳ ተዛወረ፣ ዛሬ የብዙ ሀገር ሻይ እዛ ነው የሚሸጠው፣ እዛ ዋጋ ሲወርድ ወሬው ኬንያ ብቻ አይቀርም።

ሚዛኑ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው።

አንድ ሐምሌ ጠዋት መሰብሰቢያው ቦታ ሄድኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፣ ሚዛኑ ከባህር ዛፍ ግንድ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጸሐፊው የዝናብ ልብሱን ደርቦ ወረቀቱን በጉልበቱ ይዞ ይጽፋል፣ አይሱዙው ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። አንዲት እናት ኬሻቸውን ሰቀሉ፣ መርፌው ገና እየተወዛወዘ ነው፣ ጸሐፊው 17 ብሎ ጻፈ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ እስኪቆም ጠብቄ አየሁት፣ 18.6 ነው። ለምን 17 አልክ ስለው "ነጥቡ አይጻፍም፣ አንድ ኪሎ ደግሞ የኬሻ ነው" አለኝ፣ ሳይዋሽ በግልጽ ነው የነገረኝ፣ እንደዛ ተብሎ ስለተቀጠረ። እኛ ማታ ያንን ኬሻ ራሱን ባዶውን ሱቅ ወስደን መዘንነው፣ እርጥብ ሆኖ እንኳን 300 ግራም አልሞላም።

እስቲ አስሉት። ከ18.6 ላይ 300 ግራም ቢነሳ 18.3 ነው፣ የተጻፈላቸው 17 ነው፣ 1.3 ኪሎ ጠፋ። በአስር ቀን አንዴ ቢያስረክቡ በዓመት 36 ጊዜ ነው፣ 46.8 ኪሎ ከአንድ ቤት። 60 አባል ያለው ማህበር ከሆነ 2,808 ኪሎ እርጥብ ቅጠል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማውጣት ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ነው የሚያስፈልገው፣ በ4.5 ብታካፍሉት 624 ኪሎ የተዘጋጀ ሻይ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ በማንም ደረሰኝ ላይ የለም። እኚህ እናት ደግሞ ያንን 1.3 ኪሎ በዝናብ ቆመው ጫፍ ጫፉን በጣታቸው የቀጠፉት ነው፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

ቅጠል መረከብ ከመጀመሩ በፊት ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ። ከዛ የምታውቁትን ክብደት ስቀሉበት። ድንጋይ አትፈልጉ፣ ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ አምስት ውሰዱ፣ ውሃው ልክ 10 ኪሎ ነው፣ ፕላስቲኩ ትንሽ ግራም ይጨምራል፣ ሚዛኑ 9 ወይም 9 ተኩል ካነበበ ችግር አለ ማለት ነው። በየሳምንቱ አንዴ በሁሉም ፊት ይደረግ፣ ጸሐፊውም ቢሆን ይጠቅመዋል ምክንያቱም ከዛ በኋላ ማንም አይጠረጥረውም።

ኬሻው ራሱ አንዴ ይመዘንና ስንት ግራም እንደሆነ በስምምነት ይጻፍ፣ ከዛ በላይ አይቀነስ። ነጥቡ ይጻፍ። የዝናብ ውሃ ተብሎ በመቶኛ የሚቀነስ ነገር ካለ (ክረምት ላይ ይኖራል፣ ቅጠሉ ላይ ውሃ ካለ ፋብሪካው ውሃ አልገዛም ቢል እውነቱን ነው) መቶኛው አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፣ መቼ እንደሚቀነስና መቼ እንደማይቀነስም ይታወቅ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን የዝናብ የሚቀንስ ካለ አትፈርሙ።

እና አንድ ሌላ ነገር፣ ፋብሪካ በር ላይ ሁለተኛ ሚዛን አለ። መኪናው ሲደርስ ክብደቱ ትንሽ ይወርዳል ምክንያቱም ቅጠሉ መንገድ ላይ ውሃ ያጣል። የሚከፈላችሁ በየትኛው ሚዛን ነው? ይሄን ያልጠየቀ ማህበር ብዙ ነው። መክፈያው የመሰብሰቢያው ሚዛን መሆን አለበት፣ መኪናው ዘግይቶ ስለመጣ የደረቀው ውሃ የእናንተ ጥፋት አይደለም።

ደብተር ግዙ፣ ባለ 50 ሉክ ይበቃል። ስድስት ቦታ ክፈሉት፦ ቀን፣ የተለቀመበት ሰዓት፣ ሚዛኑ ያነበበው፣ የተቀነሰ፣ የተጻፈልኝ፣ የካርኒ ቁጥር። ስልክ ያለው ልጅ ደግሞ መርፌው ሲቆም ፎቶ ያንሳ። የወሩ መጨረሻ ላይ የደብተሩ ድምርና የክፍያ ወረቀቱ ድምር ካልተገናኘ የምትከራከሩበት ነገር አላችሁ፣ ያለ ደብተር ግን ክርክሩ "እኔ ብዙ ነበር ያመጣሁት" ብቻ ነው የሚሆነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አይሰማም።

ሰዓቱና ጥራቱ

እዚህ ላይ የእኛም ድርሻ አለ፣ እውነቱን እንነጋገር። ፋብሪካው የሚፈልገው ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ነው፣ ከዛ በታች ያለው ጠንካራ ቅጠል ኪሎ ይጨምራል እንጂ ጥሩ ሻይ አይሰጥም፣ ማሽኑ ሲፈጨውም ክሩ ይበዛል። ለቀማውን ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መመላለስ ነው፣ በብርድና በድርቅ ጊዜ ይረዝማል፣ ዝናብና ሙቀት ሲገናኙ ያጥራል። ስታስቀሩት ያድግና ይጠነክራል፣ ያኔ ቀላቅሎ ማምጣት ይመጣል፣ ውድቅ ይደረጋል፣ ፀብ ይሆናል።

የሚለቀመው በቅርጫት ይሁን፣ ኬሻ ውስጥ ስታስገቡ በእግር አትርገጡት፣ ጥላ ስር አስቀምጡት፣ ድንጋይና አረም አይቀላቀል። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ መኪናው አራት ሰዓት ይመጣል ተብሎ ዘጠኝ ሰዓት ቢመጣና "ቅጠላችሁ ቀልቷል" ቢባል ግን ያ የእናንተ ኪሳራ ሊሆን አይገባም። መኪናው የሚመጣበት ሰዓት ይጻፍ፣ የደረሰበት ሰዓትም ይጻፍ፣ ካርኒው ላይ። አንዳንድ ጊዜ የሰዓቷ ነገር ከኪሎ ዋጋው በላይ ትጠቅማለች።

ውድቅ የተደረገ ቅጠል ካለ ምክንያቱ በጽሁፍ ይሰጥ፣ ቅጠሉም ለባለቤቱ ይመለስ። ተመላሽ ካልሆነ ውድቅ የተባለው ቅጠል ወዴት ሄደ? በነጻ ማሽን ውስጥ ገብቶ ከሆነስ?

ተቀናሽ

የችግኝ፣ የማዳበሪያ፣ የትራንስፖርት፣ የማህበር መዋጮ፣ የቁጠባ። እያንዳንዱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፣ ችግሩ አንድ ላይ ተደምሮ "ተቀናሽ" ተብሎ በአንድ ቁጥር ሲመጣ ነው። የክፍያ ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ለየብቻ ይጻፍ፣ የዕዳው ቀሪም ይጻፍ። በተለይ የማዳበሪያ ዕዳ ላይ ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዩሪያ የወሰድኩት በስንት ነው፣ በስንት ወር ይከፈላል፣ ወለድ አለው ወይ? አንድ አባላችን ዕዳው ከሁለት ዓመት በፊት ማለቅ ሲገባው እየተቀነሰበት ነበር፣ ማንም በተንኮል አላደረገውም፣ ዝም ብሎ ከመዝገቡ ስሙን ያወጣው ሰው ስላልነበረ ነው፣ ያወቅነው ልጁ የድሮ ካርኒዎቹን በሙሉ በፌስታል አስሮ ስላስቀመጠ ብቻ ነው። ካርኒ አትጣሉ።

ዋጋው እንዴት ይሰራ

አሁን ወደ ዋጋው። በየዓመቱ ተቀምጦ "ሁለት ብር ጨምሩልን" ብሎ መለመን አድካሚ ነው፣ ውጤቱም ትንሽ ነው። የተሻለው የቅጠሉ ዋጋ ከደረቁ ሻይ መሸጫ ዋጋ ጋር በቀመር እንዲታሰር መጠየቅ ነው። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ስሪላንካ ለረጅም ዓመታት ከሽያጩ 68 በመቶ ለገበሬው 32 በመቶ ለፋብሪካው የሚል ቀመር ነበራት። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የቅጠሉን ዋጋ ከተዘጋጀው ሻይ ዋጋ ጋር አያይዛለች።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። ፋብሪካው አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ በ360 ብር ሸጠ እንበል። በ4.5 ስታካፍሉት እያንዳንዱ ኪሎ እርጥብ ቅጠል የ80 ብር ሻይ ሆኗል ማለት ነው። ስምምነቱ 40 በመቶ ከሆነ ለኪሎ 32 ብር፣ 50 በመቶ ከሆነ 40 ብር። ቀሪው ለማገዶ፣ ለመብራት፣ ለሠራተኛ፣ ለማሸጊያ፣ ለትርፍ ነው፣ ፋብሪካ ማስኬድ ውድ ነው፣ እሱን መካድ ጥሩ አይደለም። ግን መቶኛውን ስትከራከሩ ቢያንስ ስለምን እንደምትከራከሩ ታውቃላችሁ። ለዚህ ግን ፋብሪካው አማካይ የመሸጫ ዋጋውን ማሳየት አለበት፣ እሱ ነው ከባዱ ጥያቄ፣ አንዴ ተጠይቆ እምቢ ቢባል መተው የለበትም።

ኬንያን ማየት ይጠቅማል ምክንያቱም እነሱ ከእኛ ብዙ ቀድመው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የመንግስት ድርጅት ሆኖ የተቋቋመው ኬቲዲኤ የሚባለው የሻይ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ግል ሲዞር ባለቤቶቹ ገበሬዎቹ በየፋብሪካቸው በኩል ሆኑ፣ ዛሬ ከ600 ሺህ በላይ አነስተኛ ገበሬ በሱ ስር ያስረክባል። በየወሩ ለኪሎ የተወሰነ ይከፈላቸዋል፣ የሂሳቡ ዓመት ካለቀ በኋላ ደግሞ ቦነስ የሚሉት ሁለተኛ ክፍያ አለ፣ የልጅ ትምህርትም የቤት ቆርቆሮም ከሱ ነው። ግን ባለቤት መሆን ብቻውን አልበቃም። ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ያሉት፣ ኪሲና ኬሪቾ አካባቢ፣ በስተምስራቅ ካሉት እነ ኪሪኛጋ በጣም ያነሰ ቦነስ እያገኙ በየዓመቱ ያማርራሉ፣ ፋብሪካው የወሰደው ብድርና ወጪ ደግሞ ገበሬው ሳያውቀው ከቦነሱ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ የሻይ ሕግ ሲያወጡ ከጥያቄዎቹ መሃል ክፍያው ይፍጠን፣ አስተዳደሩ ይታይ የሚል ነበረበት፣ ያው የእኛው ጥያቄ።

ሌላም ነገር ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ጨረታ ላይ ከኪሎ 2.43 ዶላር በታች አይሸጥም የሚል ዝቅተኛ ዋጋ አስቀመጡ። ሀሳቡ ለገበሬው ታስቦ ነው፣ ግን ገዢው ሳይገዛ ሲቀር ያልተሸጠው ሻይ መጋዘን ውስጥ ተከማቸ፣ በኋላም ዝቅተኛ ዋጋው ተነሳ። ከዚህ እኔ የወሰድኩት፣ ቀመር ስትጠይቁ አብራችሁ መነሻ ዋጋ ጠይቁ፣ ማለትም ገበያ ቢወድቅም ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል፣ ግን መነሻው የለቀማ ጉልበታችሁንና ማዳበሪያችሁን የሚሸፍን ልክ ይሁን እንጂ ፋብሪካው ቅጠል መቀበል እስኪያቆም አይሰቀል።

ገና ላልተከላችሁ

እናንተ ጉልበት ያላችሁ አሁን ነው። ችግኙ መሬት ከገባ በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሉ ከጉድጓዱ በፊት ይምጣ። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል፣ ወረዳ ግብርና ሄዳችሁ በሱ መሰረት ውሉ እንዲታይላችሁና እንዲመዘገብ ጠይቁ። ውሉ በምትረዱት ቋንቋ ይጻፍ፣ በከፍኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የምታወሩ ከሆነ በዛ ይነበብላችሁ፣ አንድ ኮፒ ቤታችሁ ይቅር።

ውስጡ ምን ይኑር? የኪሎ ዋጋው ወይ ቀመሩ፣ ስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፈል፣ የትኛው ሚዛን እንደሚያስከፍል፣ መኪናው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ፋብሪካው ማሽኑ ቢበላሽ ወይ ቢሞላበት የተለቀመው ቅጠል እንዴት እንደሚሆን፣ የሞተ ችግኝ ማን እንደሚተካ። ተክሉ 50 ዓመት የሚኖር ሆኖ ውሉ የአንድ ዓመት ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። ቢያንስ ከተከላችሁበት ቀን ጀምሮ ለቀማው ሙሉ እስኪሆን ያለውን ጊዜ አልፎ የሚሄድ ውል ያስፈልጋል።

መሬታችሁን በሙሉ ግን ለሻይ አትስጡ። በሄክታር 13 ሺህ ገደማ ችግኝ ነው የሚገባው፣ ሩብ ሄክታር እንኳን ከ3 ሺህ በላይ ነው፣ ይሄ ለአንድ ቤተሰብ ለቀማ ቀላል ስራ አይደለም። እንሰቱ ይቀመጥ፣ ቡናው ይቀመጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ዓመታት የምትበሉት ከሱ ነው።

ማህበሩ ራሱ

ፋብሪካውን የምንጠይቀውን ራሳችንንም መጠየቅ አለብን። የሚዛን ታዛቢ በየወሩ ይቀያየር፣ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ አይቁም። ፋብሪካው ለማህበሩ የከፈለው ጠቅላላ ብር፣ ማህበሩ ለራሱ ያስቀረው፣ ለአባል የደረሰው፣ ሶስቱ ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይለጠፉ። ሰርተፊኬት አለን፣ ሬይንፎረስት ምናምን (አካባቢንና ሠራተኛን ጠብቆ ለተመረተ ሻይ የሚሰጥ ነው) ተብሎ ስልጠና ከመጣ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፣ በሰርተፊኬቱ የተገኘው ተጨማሪ ገንዘብ ስንት ነው እና ስንቱ ለገበሬው ይደርሳል? ልብሱንና ጓንቱን፣ የኬሚካል ማስቀመጫውንም የምናዘጋጀው እኛ ከሆንን ተጨማሪውም ለእኛ መድረስ አለበት።

የሴቶቹን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለቀማው በአብዛኛው የእናቶቻችንና የእህቶቻችን እጅ ነው፣ አባልነቱ ግን በአባወራው ስም ነው፣ ክፍያውም በሱ አካውንት ይገባል። እኔ ክፍያ ስሰጥ ቅጠሉን ያመጣችው ሴት ከአጥር ውጭ ቆማ ባሏ እስኪመጣ ስትጠብቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። የሁለቱም ስም አባልነቱ ላይ ይጻፍ፣ የሚቻል ከሆነ በስሟ የባንክ ደብተር ትክፈት። እኛ ጋ ይሄን ሲጀመር ጥቂት ሰው ተቃውሞ ነበር፣ አሁን ግን ጥራቱ ራሱ ተሻሽሏል፣ ገንዘቡን የሚያይ ሰው ለቅጠሉ ይጠነቀቃል።

ችግር ሲፈጠር

መጀመሪያ ከጸሐፊው ጋር አትጣሉ፣ እሱ የተላከ ልጅ ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ኮሚቴ፣ ኮሚቴው የአስራ አምስት ሃያ ሰው ደብተር ሰብስቦ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ቀኑንና የጎደለውን ኪሎ ብቻ፣ ስድብም ልመናም አይግባበት። ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱ ላይ "ደርሶኛል" ብለው እንዲፈርሙላችሁ አድርጉ። መልሱ ካልመጣ ወረዳ ግብርናና የህብረት ስራ ማህበራት ጽህፈት ቤት አለ፣ ለሁለቱም በአንድ ቀን አስገቡ። እኛ የኬሻውን ጉዳይ እንደዚህ ነው የጨረስነው፣ የ41 አባላትን ደብተር ይዘን፣ አራት ወር ፈጀ። አሁን ካርኒው ላይ ኬሻ 0.3 ይላል፣ ነጥቡም ይጻፋል፣ እኚያ እናትም አሁን መርፌው እስኪቆም እጃቸውን ከኬሻው ላይ አንስተው ይጠብቃሉ።